አፍ ያወጣው አገልግል

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ጎማ ያለው ድምፅ ማጉያ እየጎተተ ጥገና ቤቴ መጣ። ማሲንቆውን ትከሻው ላይ አንግቷል። ፒያሳ መንገድ ዳር ሲጫወት ሳልፍ ሳገድም አየዋለሁ። «እትዬ፣ ባትሪው አንድ ሰዓት አይቆይም፤ ዘፈን መሐል ላይ ጉድ ያደርገኛል» አለኝ። ዕቃውን ባንድ እጄ አንስቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ቅለቱ ገረመኝ። ፊቱ ላይ ቀይና ሰማያዊ መብራት ያብለጨልጫል፤ ለምን እንደሚጠቅመው እንጃ።

«በዚህም ታማርራለህ?» አልኩት። «እኔ በዕድሜህ ሳለሁ የሠራሁትን ብትሸከም ወገብህ ይቀነጠስ ነበር።»

«እርስዎ ደግሞ በምን ሠሩት?»

ወደ ላይኛው መደርደሪያ ጠቆምኩት። ቆዳው የተሰነጣጠቀ፣ ሆዱ ላይ ክብ ቀዳዳ ያለው አገልግል እዚያ ተቀምጧል። ልጁ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየ። ያበድኩ ሳይመስለው አልቀረም። ከሰዓት ተመለስ ብዬ ሸኘሁት።

እናቴ የሺ ስትሞት አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴን አገሬው አያ ፈንታ ይለዋል፤ አዝማሪ የአዝማሪ ልጅ ነው። እሱ ማሲንቆውን ይመታል፣ እናቴ ታዜማለች፤ ሠርግ ለሠርግ፣ ገበያ ለገበያ እንዲህ ሲሉ ነው ያሳደጉኝ። ማሲንቆ ድምፁ ትንሽ ነው። አንድ የፈረስ ጭራ፣ አንድ ቁራጭ ቆዳ፣ በቃ። ገበያ መሐል አህያ ካናፋ አለቀለት። የእናቴ ድምፅ ግን ወንዝ ማዶ ይሰማ ነበር።

ቀብሯ ዕለት አላለቀስኩም። የድንኳኑን ካስማ ስቆጥር ዋልኩ፤ አሥራ አራት ነበር። አክስቴ «ይቺ ልጅ አንጀቷ ድንጋይ ነው» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አልተቀየምኳትም። ጥርስ ሊነቅሉላችሁ መርፌ ሲወጓችሁ ከንፈራችሁ የሰው ከንፈር ይመስላችሁ የለም? እኔ መላ ሰውነቴ እንደዚያ ነበር። ያበሉኛል፣ ያጠጡኛል፣ ያቅፉኛል፤ እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም።

አርባዋ ካለፈ በኋላ አባቴ ማሲንቆውን ይዞ ወጣ። ሦስት ገበያ ቆሞ ከሦስቱም ባዶ እጁን ተመለሰ። የሱም ድምፅ ከልቅሶው በኋላ ሰልሎ ነበር። በሦስተኛው ቀን መደቡ ላይ ተቀምጦ ደጋኑን ጭኑ ላይ አጋድሞ ጠራኝ።

«እመቤት፣ አንቺ ያዢልኝ እንግዲህ። ድምፅ አለሽ።»

«የለኝም አባዬ።»

«አለሽ እንጂ። የሷው ነው ያለሽ።»

«አልችልም።»

ሁለተኛ የሚለምን ሰው አይደለም። «እንግዲያው ይሰቀላ» አለ ማሲንቆውን እያየ። ታላቅ ወንድሙ እንደዚሁ ማሲንቆውን ሰቅሎ ከመደቡ ሳይነሳ ነው የሞተው። አባቴም እንደዚያ እንደሚሆን ቁልጭ ብሎ ታየኝ። መታየቱ ታየኝ እንጂ አልተሰማኝም።

«የጎደለህ ድምፅ ከሆነ እሠራልሃለሁ» አልኩት።

ቴክኒክ ትምህርት ቤት ኤሌክትሮኒክስ እማር ነበር፤ ከትምህርት መልስ ደግሞ ማራኪ አካባቢ አንድ ሬዲዮ ጥገና ቤት እሠራ ነበር። ለአባቴ አዝኜ እንዳይመስላችሁ። እንዳልዘፍን ብዬ ነው።

ከተገለበጠ መኪና ላይ ማጉያውን ነቀልኩ፤ ከበሩ ደግሞ ስፒከሩን። መጀመሪያ በጣውላ ሣጥን አድርጌ የመኪና ባትሪ ከተትኩበት። አባቴ ተሸክሞት ከቤታችን ደጅ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ደረሰና ቁጭ አለ። «ይኼ ለበቅሎ ነው ልጄ» አለኝ። ባትሪውን በሞተር ሳይክል ባትሪ ለወጥኩት። ጣውላውን ትቼ ካርቶን ሞከርኩ፤ ተርገበገበ። የዘይት ቆርቆሮ ሞከርኩ፤ ማሲንቆው ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ሆነ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ያ ሁለት ሳምንት፣ እውነቱን ልናገር፣ ተመችቶኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን የእናቴን አገልግል አየሁት። በስንደዶ ተሰፍቶ በቆዳ የተለበጠ፣ ቀላል፣ ጠንካራ፣ ማንገቻ ሁሉ ያለው። ሠርግ ሲጠሯቸው ድርቆሹን በበርበሬና በቅቤ አሽታ ለመንገድ የምትይዝበት ነው፤ ከእንፍራንዝ እስከ ደባርቅ ያልዞረበት ቦታ የለም። አወረድኩት። ስፒከሩን ሆዱ ላይ ደፍቼ በከሰል ዙሪያውን አሰመርኩና በቢላዋ ቆረጥኩት።

አባቴ ሲገባ አገልግሉ ጉልበቴ ላይ ነበር።

«የየሺን አገልግል በሳሽው?»

«አዎ።»

«ምነው ልጄ?»

«ቀላል ነው። ማንገቻም አለው።»

ከእጄ ወሰደው። በቀዳዳው እጁን አስገብቶ ውስጡን ዳሰሰ፤ ክዳኑን ከፍቶ አየ፤ ዘጋው። ይጮኽብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢጮኽብኝ ደስ ይለኝ ነበር። «እሺ፤ እንግዲህ ድምፅ ያሰማና» ብሎ መለሰልኝ።

ከሁለት አሮጌ ስልክ እጀታ ሁለት ማይክሮፎን አወጣሁ። አንዱን በሰም ማሲንቆው ላይ ለጠፍኩት፤ ሌላውን በክር አስሬ አባቴ አንገት ላይ አንጠለጠልኩለት። አገልግሉ ወደሱ ከዞረ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ያወጣል። ስለዚህ እኔ ደረቴ ላይ አንግቼው፣ አፉን ወደ ሰው አድርጌ ከፊት እቆማለሁ፤ አባቴ አንድ እርምጃ ከኋላዬ። ስንነሳ «ይኼ የመጨረሻ ገበያዬ ነው። ከሆነ ሆነ፤ ካልሆነ አታድክሚኝ» አለኝ።

ድብ ባሕር ገበያ ወረድን፣ በደባርቅ መንገድ። ጥቅምት ነበር፤ ገብሱ ታጭዶ ገበያው እህል በእህል ሆኗል፣ አዋራው ከጭድ ጋር ተደባልቆ ጉሮሮ ይከረክራል። ማብሪያውን ተጫንኩት። አባቴ ደጋኑን ገና ሲያሳርፈው ሁለት አህዮች ጭነታቸውን ይዘው ተፈተለኩ፤ ሰው ሁሉ ዞረ። የሰለለው ድምፁ እስከ በሬ ተራ ተሰማ። ተሰማ! በሙያዬ ኮራሁ፤ እሱን እንኳ አልዋሽም።

ግን ማንም አልተጠጋም። አዝማሪ የሚኖረው በግጥም ሰጪ ነው። ሰው ይጠጋና ጆሮው ሥር ሁለት ስንኝ ይነግረዋል፤ «ተቀበል» ይለዋል፤ አዝማሪውም ዜማ አልብሶ ይመልስለታል። በድምፅ ማጉያው የተነሳ ግን ሰው ሃያ እርምጃ ርቆ ክብ ሠርቶ ቆመ፤ ጆሮውን የያዘም ነበር። አባቴ ይዘፍናል፣ ያቆማል፣ ይጠብቃል። የሚመጣ የለም። እንደገና ይዘፍናል። ፊቱ እየጠቆረ ሄደ። ይኸውና ማሲንቆው ሊሰቀል ነው አልኩ በልቤ።

ያኔ ማጉያው ግሎ ኖሮ አገልግሉ ሞቀ። ከሞቀው ቆዳ ውስጥ የቅቤና የበርበሬ ሽታ በቀዳዳው ብቅ አለ፤ የእናቴ ድርቆሽ። አፍንጫዬ ሥር ነው። ማጉያው እንዳይቃጠል ብቻ ነው ያሰብኩት።

ከገብስ ጆንያዎቹ ማዶ አንዲት ጎልማሳ ሴት እጇን አፏ ላይ ከባ ተጣራች።

«አያ ፈንታ! ምነው ብቻህን? በል ተቀበል!
ማሲንቆው መጣልን ብቻውን ሲያለቅስ፣
የሺን ወዴት ጥሎ ይሆን የሚመለስ።»

አባቴ ጆሮው በጩኸቱ ደንቁሮ ነበር። «ምን አለች?» አለኝ። ገላዬን ካዞርኩ ያፏጫል፤ አንገቴን ብቻ ወደ ኋላ መልሼ ጆሮው ሥር ነገርኩት። ዜማ የለው፣ ምን የለው፤ ስም ጥሪ እንደማነብ አድርጌ ሁለቱን ስንኝ አልኩት። አንገቱ ላይ ያንጠለጠልኩትን ማይክሮፎን ረስቼዋለሁ። የራሴ ድምፅ ከራሴ ደረት ላይ፣ ከእናቴ አገልግል ወጥቶ ገበያውን ሞላው።

ሴትዮዋ በነጠላዋ አፏን ያዘች። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ለካ መሞቷን ያልሰማው ብዙ ነው፤ የሷን ድምፅ ዜማ አጥቶ ሲሰሙ ገባቸው፤ ያን ዕለት መርዶ ነጋሪዋ እኔ ሆንኩ። አባቴ አልዘፈነም። ደጋኑን ጭራው ላይ አሳርፎ በማሲንቆው ብቻ መለሰላት፤ ረጅም ነበር። እኔ የሽቦውን ብየዳ አያለሁ፤ አንድ ቦታ ላይ ላልቶ ነበር።

ከዚያ ሰው መጠጋት ጀመረ። አንዱ መጥቶ አባቴ ጆሮ ሥር ስንኝ ሰጠ፤ ሌላው ተከተለ። እስከ ስምንት ሰዓት አልተቀመጥንም። ማሲንቆው አልተሰቀለም።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ቆሎ እየዘገነ ያቀብለኝ ነበር።

«የሰው ግጥም መሬት አይጣልም፤ ነውር ነው» አለኝ። «አንቺ ዛሬ አነሳሽው እንጂ አልመለስሽውም።»

«አንተ መልሰህላት የለም?»

«እኔማ በጭራ መለስኩ። ግጥም በአፍ ነው የሚመለስ። ዜማው ይቀርሻል።»

ቆሎውን ቆረጠምኩ። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ዞርኩ፤ አገልግሉን ተሸክሜ፣ ያልሰማውን ስንኝ ጆሮው ሥር እየነገርኩ። አንድ ቀን እንኳ አልዘፈንኩለትም። እሱ ሲሞትም ካስማ ቆጠርኩ።

ወጣቱ ከሰዓት መጣ። ባትሪውን ቀይሬለት ስለነበር ማይክሮፎኑን ይዤ ሞከርኩት። ሌላው ጠጋኝ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለ ነው የሚሞክር። እኔ የዚያችን ገብስ ነጋዴ ሁለት ስንኝ ነው የምለው፣ ያው እንደ ስም ጥሪ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እጄ የገባውን ድምፅ ማጉያ ሁሉ በሷ ሞክሬዋለሁ። ደንበኛ ሁሉ «ይሠራል፣ ይሠራል» ብሎኝ ዕቃውን ይዞ ይሄዳል።

ልጁ ግን ዕቃውን አልነካም። «ተቀብያለሁ» አለ፤ ማሲንቆውን ከትከሻው አወረደ። ያለ ማጉያ፣ እዚያው የሽቦና የአሮጌ ሬዲዮ ክምር መሐል ቆሞ፣ «ማሲንቆው መጣልን» ብሎ ጀመረ። የሺ ማን እንደሆነች አያውቅም። ስሟ ላይ ሲደርስ ግን ድምፁን ወደ ላይ ወሰደና እዚያው ያዘው፤ እናቴ ስም ስትጠራ እንደምታደርገው።

ደነገጥኩ። ድንዛዜ ሰውን ከሕመም ያድናል ሲባል እሰማለሁ፤ ያድናል፣ አዎ። ግን ዜማውንም አብሮ ይወስደዋል። እነዚያን ሁለት ስንኞች በሰው አፍ ሲዜሙ መስማቴ ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነበር።

«የማን ግጥም ነው እትዬ?» አለኝ ሲጨርስ።

«የሰው ነው» አልኩት። «አደራ ነበረብኝ።»

አመስግኖ ዕቃውን እየጎተተ ወጣ። የጎማው ድምፅ ድንጋይ ንጣፉ ላይ እየራቀ ሄደ። እኔ የጀመርኩትን ሬዲዮ ልከፍት ብዬ መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ ፈለግሁት፤ አጣሁት። ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብዬ ፈለግሁ፤ እዚያም የለም። ብዙ ከፈለግሁ በኋላ ነው እጄ ላይ ያገኘሁት።