የአንድ ሌሊት ካፖርት

ዛሬ ጠዋት ትንሽ ደመና አይቼ የድሮ ካፖርቴን ደረብኩ፤ ታክሲው ጀሞ ሳይደርስ ፀሐይዋ ጠበሰችኝ።

«አባባ፣ በረዶ አለ እንዴ?» አለኝ ረዳቱ። ተሳፋሪው ሳቀ። እንዳልሰማ ሆኜ ላቤን ጠረግኩ፤ የካፖርቱ የብል መድኃኒት ሽታ ግን ወደ ደርግ ዘመን ወሰደኝ።

ያኔም ከሞስኮ ትምህርቴን ጨርሼ መካኒሳ ስገባ ይህንኑ ካፖርት በጠራራ ፀሐይ ለብሼ ነበር፤ አገር ይየኝ ብዬ። ስድስት ዓመት የናፈቅኩት ቤታችን ጣሪያው ዝቅ ብሎ ጠበቀኝ። የባሕር ዛፉ ሽታ ደስ ሲለኝ፣ የቀበሌው የስኳር ሰልፍ ገና ሳየው አደከመኝ።

ልጃቸው እዚያው ሞስኮ የቀረባቸው ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ እጅጌዬን ዳበሱ።

«የኔም ልጅ እንዲህ ያለ አለው?»

«አለው፣ እትዬ።»

«እስቲ ለአንድ ሌሊት አውሰኝ። እንዴት እንደሚያሞቀው ልየው።»

«ነገ፣ እትዬ። ዛሬ ደክሞኛል» አልኳቸው። ድካሙስ እውነት ነው፤ ግን ዘመድ ሁሉ ገና በካፖርት አላየኝማ!

«ይሁን፤ መጀመሪያ አገር ይይህ» ብለው ሳቁ።

በማግስቱ ለሥራ ክፍለ ሀገር መደቡኝ፤ ካፖርቴን ለብሼ ሄድኩ። ከዓመታት በኋላ ስመለስ እሳቸው አርፈዋል።

ታክሲው ውስጥ ካፖርቱን አውልቄ ጉልበቴ ላይ አጠፍኩት። የእትዬ ብርቄ አንድ ሌሊት አለብኝ።