አልቅት የማያስደነግጣት
አባቴም እናቴም የስኳር ሕመምተኞች ናቸው። ወረታ ላይ ያያቸው ሐኪም ለሁለቱም የነገራቸው አንድ ነገር ነበር። ስኳሩ እግራችሁን ሊያደነዝዘው ስለሚችል በባዶ እግር አትሂዱ፤ ቁስል እንዳይኖረውም በየቀኑ እዩት። እናቴ ምክሩን አልረሳችም። አባቴ ከእርሻ ሲገባ ለብ ባለ ውኃ እግሩን ታጥበዋለች፤ ጣቶቹን ሳይቀር አንድ በአንድ እየገለጠች ታያለች። የእሷን ግን ያየላት የለም። እኔ ልጇም አላየሁላትም።

ክረምት ላይ ቁሐር ሚካኤል ካለው ማሳችን ሩዙን የምናርመው ሴቶቹ ነን። ጫማ ጭቃው ውስጥ ስለሚቀር በባዶ እግራችን ነው የምንገባው። አልቅት ሲይዘን እየጮህን ከውኃው እንወጣለን። እናቴ ግን አልቅቱ ጠግቦ በራሱ እስኪወድቅ ድረስ ጎንበስ እንዳለች ታርማለች።

«አንችስ ጠንካራ ነሽ!» ይሏታል ጎረቤቶቻችን። እኔ ሞኟ ደግሞ እኮራ ነበር።

ቁስሉን ያወቅነው ከሸተተ በኋላ ነው። ባሕር ዳር ወስደናት ሐኪሙ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ ሲጠይቀን አባቴ እኔን አየኝ፤ እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። እግሯ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ተቆረጠ።

የአባቴ እግር ዛሬም አንድ ጭረት የለበትም። እናቴን ይዘን ቤት በገባን በማግሥቱ ከማሳ መጣና እንደ ልማዱ የእንጨት ዱካው ላይ ተቀምጦ እግሩን ዘረጋ። እኔ ከተቀመጥሁበት አልተነሣሁም። እናቴ ከተኛችበት ቀና ብላ፣

«ምን ትጠብቂያለሽ ልጄ? እጠቢው እንጂ» አለችኝ። «ጣቶቹንም ገልጠሽ እይለት።»