የእንግዳው ቬንትሌተር

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ኬብል ከመዘርጋት ሙቀቱን መቻል ይከብዳል። ኮሌጃችን ሽቦ አልባ ኢንተርኔት ሊያስገባ በተነሣበት ዓመት የኔትወርክ ባለሙያ ተብዬ የተቀጠርኩት እኔ ነበርኩ። ኢንተርኔቱን የሚያሰራጩት ነጫጭ ሳህን መሳይ ዕቃዎች ግድግዳና ጣሪያ ላይ ይሰቀላሉ። ከእያንዳንዱ ሳህን የሚነሣ አንድ ኬብል ስዊች እስከሚባለው ማሽን ይሄዳል፤ ኢንተርኔቱም መብራቱም በዚያው ኬብል ይመጣል።

ይህን ለዲናችን ማስረዳት ከዝርጋታው የበለጠ ጊዜ ፈጀ። ዲኑ መልካም ሰው ነበሩ፤ ክፋታቸው ስብሰባ መውደዳቸው ብቻ ነው።

«ሶኬቱስ?» አሉኝ።

«አያስፈልገውም። መብራቱ በኬብሉ ነው የሚመጣው።»

«ሶኬት የሌለውን ፕሮጀክት ምን ብለን ሪፖርት ልናደርገው ነው?»

ነገሩ ለግምገማ ቀረበ። ሶኬት አያስፈልግም ማለቴ የአመለካከት ችግር መሆኑ በሰፊው ተብራራልኝ፤ እኔም እንደ ወጉ ሂሴን ዋጥኩ። በየሳህኑ አጠገብ አንዳንድ ሶኬት ተተከለ። የሚሰካበት ነገር የለም፤ ዙሪያው ግን ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ ያምር ነበር።

ሥራው መቼ እንደሚያልቅ ከልባቸው የሚጠይቁኝ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ የበር ጥበቃችን። እዚያው አጠገባችን ያለው የቀወት ወረዳ ገበሬ ነበሩ፤ ጉልበታቸው ደከም ሲል ነው ጥበቃ የገቡት። ልጃቸው ዐረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ ከሄደች ዓመታት አልፈዋል። ድምጿን አልፎ አልፎ ይሰማሉ፤ ፊቷን ግን ከሄደች ወዲህ አላዩም። የከተማው የሞባይል ኢንተርኔት በዚያን ጊዜ አንዲት ፎቶ ለማውረድ እንኳ ያስለምን ነበር።

«ይሄ ያንተ ሳህን ሲበራ ፊቷን በስልክ ታያለህ ብለውኛል። እውነት ነው ልጄ?»

«እውነት ነው ጋሼ።»

ዲኑ በሩ ላይ ሳህን እንዲሰቀል ፈቀዱ። ለጥበቃው አዝነው አይደለም፤ እንግዶች የሚገቡት በዚያ በኩል ስለሆነ ነው።

ሥራው ሳያልቅ ፕሮጀክቱ የሚመረቅበት ቀን ተቆረጠ፤ ዐርብ ሆነ። ልጅቷም ፋታ የምታገኘው ዐርብ፣ አሠሪዎቿ ዘመድ ጥየቃ ሲወጡ ነው። የምረቃ ኮሚቴው ያስጨነቀው ደግሞ የክቡር እንግዳው ላብ ነበር። ከደጋ ነው የሚመጡት፤ ከጣርማ በር ቁልቁል የወረደ ሰው እኛ ዘንድ ሲደርስ ኮቱን የት እንደሚጥለው ይጠፋዋል።

ያን ዕለት እንግዶቹ አዳራሽ እንደገቡ በሩ ላይ ሆነን በእኔ ስልክ ደወልን። ጠራ፤ ተነሣ። ስክሪኑ ላይ ጥቁር ሻሽ ታየ፣ ቀጥሎ ግንባር፣ ከዚያ ጠፋ። ቀና ብል የሳህኑ መብራት የለም። የግቢው ሳህኖች ሁሉ ጨልመዋል። ሶኬቶቹ ብቻ መብራት ነበራቸው።

ወደ ስዊቹ ክፍል ሮጥኩ፤ ጥበቃውም ተከተሉኝ። ክፍሉ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ጠባብ ጎጆ ነው፤ ማሽኑን በሕይወት የሚያቆየው አንድ ባለእግር ቬንትሌተር ነበር። ቬንትሌተሩ የለም። ማሽኑ እንደ ሻይ ማንቆርቆሪያ ይፋጃል።

«ምን ነካው?» አሉ ጥበቃው።

«ሞቆ ነው የጠፋው። ቬንትሌተሩን ኮሚቴው ለእንግዳው ወስዶታል።»

ጥበቃው ቆባቸውን አስተካክለው ወደ አዳራሹ አመሩ፤ እኔም ከኋላቸው። ክቡር እንግዳው በቬንትሌተሩ ፊት ቆመው አርሶ አደሩ ከዓለም ጋር ፊት ለፊት ስለሚነጋገርበት ዘመን ይናገሩ ነበር። የእኛው አርሶ አደር ቀርበው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡ፣ ገመዱን ነቀሉ፣ ቬንትሌተሩን ተሸክመው ወጡ። የደንብ ልብስ ለብሶ፣ ሰላምታ ሰጥቶ ዕቃ የሚያነሣን ሰው ማን ይጠይቃል? ዲኑ እንኳ የተሻለ ሊመጣ ነው ብለው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንግዳው ላባቸውን እየጠረጉ ንግግሩን አሳጠሩት፤ ያን ዕለት የተጨበጨበው ከልብ ነበር።

ማሽኑ በረድ ሲል ሳህኖቹ በሩ፣ እኛም ደግመን ደወልን። ፊቷ ሙሉ ሆኖ መጣ።

«ከስተሻል» አሏት።

«ኧረ ወፍሬያለሁ አባባ። ሥራውም ቀላል ነው» አለች። እጇን ከስክሪኑ ዝቅ አድርጋ ትደብቅ ነበር። ስልኩን ለአባትየው ሰጥቼ ዞር አልኩ።

በማግስቱ ግምገማ ተጠራ። ጥበቃው ግለ ሂስ እንዲያደርጉ ታዘዙ።

«ቬንትሌተሩን ወስጃለሁ፤ ልጄንም አይቻለሁ» አሉ። «ሌላ ያጠፋሁት ካለ ንገሩኝ።»

ሌላ ባይገኝም ከበር ተነሥተው ግቢው ጥግ ወዳለው የኮሌጁ እርሻ የሽንኩርት መጋዘን ተዛወሩ። እዚያ የየትኛውም ሳህን ኢንተርኔት አይደርስም። እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ደግነቱ እስከዚያ ድረስ የስብሰባውን ቋንቋ ለምጄ ነበር። ትራፊ ኬብልና አንድ ሳህን ተርፎኝ ስለነበር በሚቀጥለው ስብሰባ «የሽንኩርት ክምችትን በቴክኖሎጂ የማዘመን ፕሮጀክት» አቀረብኩ። ሽንኩርት ኢንተርኔት ምን ያደርግለታል ያለኝ የለም።

«ሶኬት አለው?» አሉ ዲኑ።

«አለው።»

በጭብጨባ ጸደቀ።

ዐርብ ሲደርስ ጥበቃው ሽንኩርት የሞላበት ማዳበሪያ ላይ ተቀምጠው ስልኬን በሁለት እጃቸው ያዙ። ልጅቷ ወዲያው ልብ አለች።

«አባባ፣ የት ነው ያሉት? በሩ ላይ አይደሉም እንዴ?»

ማዳበሪያዎቹን ዞር ብለው አዩና ስልኩን ወደ ሰማያዊው ሶኬት አዞሩት።

«ቢሮ ሰጥተውኝ ነው» አሏት። «አየሽ፣ መብራትም አለው።»