ቃላቸው አንድ የሆነ ምስክሮች

እዚህ ዓረብ አገር፣ ካራማ ሰፈር በምኖርበት ቤት በስሜ የሚጠራኝ የለም። «ቃዲዋ» ነው የምባለው። ስሙን ያወጡልኝ እትዬ ናቸው፤ የወሎ ሴት፣ የክፍላችን ታላቅ፣ አንድ ማዳም ቤት ለብዙ ዘመን ምግብ ያበሰሉ። መጀመሪያ የገባሁ ቀን «ድሮ ምን ትሠሪ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም አፌን ሞልቼ፣ የዘር ማጥፋት ወንጀል በሚዳኝ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት የምስክሮችን ቃል እመዝን ነበር አልኩ። እትዬ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ታዲያ ቃዲ ሆነሽ ነው ከእኛ ጋር በአንድ ክፍል ቢድ ስፔስ፣ የአልጋ ቦታ የምትካፈዪው? ሚዛኑን የት ጣልሽው?»

ሴቶቹ ሳቁ፤ ስሙም ተጣበቀብኝ።

ዋላሂ ቃዲ አልነበርኩም። ዳኞቹ ሌሎች ነበሩ። የእኔ ሹግል፣ ሥራዬ ማለት ነው፣ ምስክሩ ችሎት ላይ የተናገረውን ቀድሞ ለመርማሪ ከሰጠው ቃል ጋር አስተያይቼ፣ የት እንደሚገጥምና የት እንደሚለያይ ጽፌ ማቅረብ ነበር። ያኔ በሩ ሰማያዊ ነበር ያለ ሰው ዛሬ አረንጓዴ ነው ካለ እጽፋለሁ። ቀለም የሳተ ሁሉ ግን ውሸታም አይደለም፤ የፈራ ሰው ከበሩ የሚገባውን ሰው እንጂ በሩን አያይም። እኔ ይበልጥ የምጠረጥረው ከልክ በላይ የገጠመውን ነበር። ሁለት ሰዎች ቃል በቃል አንድ ዓይነት ነገር ከተናገሩ፣ ያስጠናቸው አለ ብዬ አምናለሁ። ውሌ ሲያልቅ ወደዚህ አገር መጣሁና አል ጋርሁድ ሰፈር አንድ ድርጅት ውስጥ የጭነት ወረቀት ማስተያየት ጀመርኩ። የካርቶኑ ቁጥር ከወረቀቱ ካልገጠመ ሙሽኪላ ነው፤ ካርቶን ግን አያለቅስም።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስንመለስ ቤቱ ውሃ ሞልቶ ጠበቀን። ወደ ታች ወርዶ የጎረቤት ጣሪያ አበላሽቷል። ቤቱን በስሙ ይዞ አልጋ የሚያከራየን ሰውዬ በስልክ ጮኸ፤ ቧንቧ ከፍታ የሄደችው ትታወቅና ነገ ትውጣ፣ ኸላስ። ጣት የተቀሰረው በመጨረሻ ቧንቧውን በነካችው ላይ ነው። እሷም ከመሀላችን ታናሿ ናት፤ ሳትዋ የሚባል ሰፈር አንድ የፀጉር ቤት ሥራ ከገባች ገና ሦስት ሳምንቷ። አልጋዋን ካጣች በዚህ አገር የሚያስጠጋት ዘመድ የላትም። «ዘግቼዋለሁ» ከማለት በቀር ምንም አላለችም።

ሰውዬው ለእኔ ደወለ። «አንቺ ሕግ ታውቂያለሽ፤ አንቺ ያልሽው ይሆናል» አለኝ። ደረቴ እንዴት እንደተነፋ አይጠየቅ።

እሑድ ጠዋት ኩሽናው ውስጥ ችሎት ተቀመጥኩ። ደብተር ያዝኩ። ምስክሮቹን አንድ በአንድ አስገባለሁ፣ የቀሩት ኮሪደሩ ላይ ሻንጣ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። መጀመሪያ እትዬ ገቡ።

«ቆሜ ልመስክር ወይስ ሽንኩርቱን እየላጥኩ?»

«እየላጡ ይሁን።»

«ትናንት ጠዋት ውሃ ጠፍቶ ነበር። ልጅቷ ቧንቧውን ከፈተች። አንዴ ተነፈሰና ዝም አለ። ‘ሳልታጠብ ልሂዳ’ አለች። መልሳ ዘጋችው፣ በመዳፏም ሁለቴ መታ መታ አደረገችው።»

ሁለተኛዋ ገባች። ውሃ ጠፍቶ ነበር፤ አንዴ ተነፈሰና ዝም አለ፤ በመዳፏ ሁለቴ መታ መታ። ሦስተኛዋም ያንኑ አለች፤ መዳፉም ሳይቀር። እኔ ፈገግ አልኩ። ለእኔ ነው ይሄ? ደብተሬ ላይ «የተጠና» ብዬ ጻፍኩና ሰውዬው ጋ ደወልኩ። ምስክሮቹ ተመካክረዋል፣ ቃላቸውን ማመን ይከብዳል አልኩት።

ልጅቷ ሰማችኝ። ሄዳ ልብሷን ማጠፍ ጀመረች።

እትዬ ቢላዋቸውን አስቀመጡ። «ምን አደረግን?»

«ተመካክራችኋል፣ እትዬ።»

«አዎ ተመካክረናል! ከትናንት ጀምሮ ሌላ ምን አወራን? እንዳይሳሳቱ ብዬ ሦስት ጊዜ አስደግሜያቸዋለሁ። እውነት መደጋገም ሐራም ነው? አንቺ ለቅሶ ቤት ተቀምጠሽ አታውቂም? የሞተባት ሴት ለገባው ሁሉ አሟሟቱን ስትናገር፣ በሦስተኛው ቀን ቃሏ አንድ ይሆን የለም እንዴ? እሷንም ‘አጥንተሽ ነው’ ትያታለሽ? የተማረ ይግደለኝ ሲሉ እሰማ ነበር፤ ይኸው ገደልሽን!»

ክው አልኩ። ትዝ ያሉኝ ያኔ ፍርድ ቤቱ ፊት የቀረቡ ሁለት እህትማማቾች ናቸው።

ገዳዮቹ ደጃቸው ስለመጡበት ቀን በየተራ ነበር የመሰከሩት። ሁለቱም እንዲህ አሉ፦ «አባታችን ጫማውን አውልቆ ደጃፉ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ወጣላቸው።» አንድ ቃል አልተለያየም። የተከሳሽ ጠበቃ ማን አስጠናችሁ ሲል ታላቋ፣ «ማንም። በየሳምንቱ እየተገናኘን እናወራዋለን፤ ከእኛ ሌላ የሚያስታውሰው ሰው አልቀረም» አለች። እኔ የጻፍኩት «ተገናኝተው እንደሚነጋገሩ አምነዋል» ብቻ ነው። የቀረውን አልጻፍኩም። ዳኞቹ ቃላቸውን አልተቀበሉትም፤ ያም ክስ ወደቀ። አለቃዬ ጽሑፌን አመሰገነኝ። ለቅሶ ቤት እየተቀመጥኩ ያደግኩ ሰው እንዴት ይሄ ይሰወርብኛል? አፈርኩ፤ ዛሬም አፍራለሁ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ የቧንቧ ሠራተኛ መጣ። ከመታጠቢያው ሥር ያለውን ግድግዳ ሰበረ። ውስጥ ያለው ቱቦ ተሰንጥቋል፤ ውሃው በኃይል ሲመለስ ያፈሰሰው እሱ ነው። «ቧንቧውማ ዝግ ነው» ብሎ አሳየን። አከራያችን ይቅርታ አልጠየቀም፤ ልጅቷ ግን ልብሷን መልሳ ሰቀለች። ይቅርታ ስላት «ችግር የለም፣ እቴ» አለችኝ፤ ዓይኔን ግን አላየችም።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቃዲዋ በቧንቧ ተሻረች! ሳምንት ሙሉ ዕቃ እንዳጥብ ተፈረደብኝ፤ ይግባኝ የለም። እትዬ አጠገቤ ቆመው «ያላ፣ ድስቱን በደንብ መዝኚው» እያሉ ያሾፉብኛል። ድስቱን እየፈተግኩ ስለ እህትማማቾቹ ነገርኳቸው። ለእነሱ ግድግዳ ሰብሮ ያየላቸው ሰው እንዳልመጣ ነገርኳቸው።

እትዬ ማሾፋቸውን ተዉ። ድስቱን ከእጄ ወስደው ያደርቁ ጀመር።

«አባትየው ምን አደረገ አልሽ?»

«ጫማውን አውልቆ ደጃፉ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ወጣላቸው።»

«እስቲ ድገሚልኝ።»

ደገምኩላቸው። አንድ ቃል አልለወጥኩም።