ለቄስ ጥሩነህ የሰጠሁት ኪኒን

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርሁም። ለነፍስ አባቴም አልነገርሁም። እንዴት ብዬ? የበደልሁት እሳቸውን ነው።

ፊደል የቆጠርሁት ልጅ ከወለድሁ በኋላ፣ ወታደር ቤት ነው። እዚያው ቁስል ማሰርና መርፌ መውጋት አስተማሩኝ። ስመለስ ይጁቤ ከተማ ላይ በሌላ ሰው የሙያ ፈቃድ መድኃኒት ቤት ከፈትሁ። ገበያተኛው “ዶክተር” ይለኛል። አይደለሁም ብዬ አላውቅም። ደስ ይለኝ ነበር፤ ይኸው ነው።

የነፍስ አባቴ ቄስ ጥሩነህ ሰማንያን አልፈዋል። ልባቸው ደክሞ ደብረ ማርቆስ ታከሙና ሁለት ዓይነት ኪኒን ይዘው መጡ፤ አንዱ ሽንት የሚያመጣ፣ አንዱ የልብ ምት የሚያዘገይ። አንድ የገበያ ቀን፣ ሱቄ በሰው ተሞልቶ ሳለ ገቡ።

“አንተ ዶክተር፣ ይችን የሽንቷን አንሣልኝ” አሉ። “ሐኪሙ ጠዋት ዋጣት ይለኛል። ቀዳሽ ሰው ጠዋት ውሃ ይቀምሳል? ማታ ስውጣት ደግሞ ማሕሌት ላይ እየመዘዘች ታስወጣኛለች። ደብተራዎቹ ‘አባ ዛሬም ሊኮበልሉ ነው’ እያሉ ይስቁብኛል።”

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ሐኪሙ ሰዓቱን ያስተካክልልዎ ማለት ነበረብኝ። አላልሁም። “ይተዉት፤ በምትኩ ይኸን ከሌላው ጋር ማታ ማታ ይዋጡ” ብዬ አንድ ፓኮ የደም ግፊት ኪኒን ሰጠኋቸው። እሳቸውም የያዙትን ፌስታል ዘረጉልኝ፦ “ሌላውንም እስቲ እይልኝ።”

አላየሁም። “አውቀዋለሁ፣ አባቴ” አልሁ። ምኑን አወቅሁት? ፌስታሉን ብከፍተው ስሙ ይለይ እንጂ የኔው ኪኒን ወንድም እንደነበረ አገኘው ነበር። ሁለቱም ልብ የሚያዘገዩ ናቸው። በአንድ ደካማ ልብ ላይ ሁለቱን የጫንሁ እኔ ነኝ።

ሳምንት ሳይሞላ፣ ሊቀድሱ ሲገቡ የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ቆመው አልቀደሱም።

ልጃቸው አበባ ፌስታሉን ይዛ መጣች። “ጋሼ፣ ሐኪሙ ‘እነዚህን ሁለቱን ባንድ ላይ ማን ሰጣቸው?’ ይላል። አባባ አንዱን ካንተ ነው የወሰድሁት ይላሉ። የትኛው ነው?”

አሁንም ልናገር እችል ነበር። እጄን ወደ መደርደሪያው ሰድጄ የቫይታሚን ፓኮ አወረድሁ። “እኔ የሰጠሁት ይኸን ነው” አልሁ። “እነዚያን ሁለቱንም ያዘዘው ራሱ ሐኪሙ ነው። ልጅ አይደል፣ ተምታቶበታል።” አበባ አመሰገነችኝ። አመሰገነችኝ! ያን ልጅ ሐኪም ይጁቤ ሙሉ ሲረግመው እኔም አብሬ ረገምሁ።

ቄስ ጥሩነህ ግን ማንንም አልረገሙም። አልጋ ላይ ሆነው “ሐኪሙን ተዉት” ይላሉ። “የማላውቀው በደል ቢኖርብኝ ነው እንጂ እግዚአብሔር ከመቅደሱ ደጃፍ አይጥለኝም ነበር።” ላልሠሩት ኃጢአት ለራሳቸው ንስሐ ሰጥተው ዳዊት ይደግማሉ። እኔ በየጾሙ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ተቆጣሁ፣ ሰከርሁ እያልሁ እናዘዛለሁ። እሳቸው “እግዚአብሔር ይፍታህ” ይሉኛል። ይህን ቃል ስንት ጊዜ ሰረቅኋቸው?

አለማወቅ ነው እንዳልል፣ እይልኝ ብለውኝ ነበር። ፈርቼ ነው እንዳልል፣ ማንም አላስፈራራኝም። ሱቁን ዘግቻለሁ። መዝጋቴ ግን የሳቸውን እግር አላቆመም፣ ከልባቸውም ያን ሐሳብ አላወጣም።

እንግዲህ አንተ የምታነበው፣ ይቅር በለኝ አልልህም፤ የበደልሁት አንተን አይደለም። ይህን ጽፌ ስጨርስ ወደሳቸው እሄዳለሁ። ቢረግሙኝም ይርገሙኝ። አበባም ባለችበት እንዲህ እላቸዋለሁ፦

“አባቴ፣ እግዚአብሔር አልጣለዎትም። የጣልሁዎት እኔ ነኝ።”