ከጎረቤት ጋር የማይካፈሉት ክኒን

እኔ እናገራለሁ፣ የልጅ ልጄ ትጽፋለች። ፊደል አልቆጠርኩም። በመሠረተ ትምህርቱ ጊዜ ከኋላ ተቀምጬ ሴቶቹን እያሳቅሁ አስተማሪውን ስላስቸገርኩት እሱም ተስፋ ቆርጦ ተወኝ። ስለዚህ የተበላሸ ነገር ካያችሁ የእሷ ነው፣ ያማረው የእኔ ነው። ስም እንዳታስገባም ነግሬያታለሁ። ሰው በስሙ ሲሳቅበት አልወድም፤ ያለ ስሙ ግን ግድ የለኝም።

ያኔ በደርግ ጊዜ የምንኖረው ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ነው። እኔ ቡና መጋዘን ውስጥ ለቃሚ ነኝ። ሴቶች በረድፍ እንቀመጥና ከፊታችን ከተዘረገፈው ቡና ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን እየለየን እንጥላለን። እጅ ይሠራል፣ አፍ ያወራል። የእኔ አፍ ደግሞ ከእጄ ይፈጥናል። የሚያሠራን ካቦ ቀን በቀን ይቆጣኛል፤ ተቆጥቶ ዘወር ሲል ትከሻው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ እናየዋለን።

ከዚያ ሁለተኛ ልጄን ወለድኩ። ወንድ ነበር። በሳምንቱ ወደ አላህ ሄደ። ሰው ሁሉ መጣ፣ አለቀሰልኝ፣ ዱአ አደረገልኝ፣ ወደየቤቱ ተመለሰ። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። ወር አለፈ፣ ሌላም ወር አለፈ። ጠዋት ስነቃ ደረቴ ላይ ሙሉ ኬሻ ቡና የጫኑብኝ ይመስለኛል። ማልቀሱ እንኳ ቢመጣ ደግ ነበር፣ እሱም አልመጣ አለ። ሥራ ሄጄ እቀመጥና ቡናውን አየዋለሁ፤ ጥቁሩም ደህናውም አንድ ሆነብኝ። ለይቶ መጣል አቃተኝ። ካቦው ደግ ሰው ነው፣ ከማባረር መጥረጊያ ሰጠኝ። እኔ አፈኛዋ ዝም ብዬ ወለል ስጠርግ፣ ሴቶቹም ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው ዝም ብለው ለቀሙ።

የከፋው ግን የልጄ ነገር ነው። ትልቋ፣ የዚህች ጸሐፊዬ እናት፣ ያኔ አራት ዓመቷ ነው። ፀጉሯ ሳይበጠር፣ ፊቷ ሳይታጠብ ትውላለች። አንድ ቀን አማቴ ከአሰንዳቦ መጡ። አማቴ ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረጅም ሴት ነበሩ። አሰንዳቦ ሆነው ሲናገሩ ጅማ ይሰማል እያልኩ ባለቤቴን አናድደው ነበር። ገቡ፣ ልጅቷን አዩ፣ ጉልበታቸው መሀል አስቀምጠው ፀጉሯን ፈትተው ሠሩላት። ሲጨርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ። ያስፈራኝም እሱ ነው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጅቷን ወስጃታለሁ። ፀጉሯን የምትሠራላት እናት ስትሆኚ መጥተሽ ውሰጃት።»

ኢንተላ ኮ በኦሮምኛ ልጄ ማለት ነው። ልጄ እያሉኝ ልጄን ወሰዱብኝ። ይዘዋት ሲወጡ በሩ ድረስ እንኳ አልሸኘኋትም። ጠልቼ አይደለም፣ እግሬ እምቢ አለኝ።

በማግሥቱ ባለቤቴ ሥራውን ትቶ ሆስፒታል ወሰደኝ። ሐኪሙ ከሰሜን የመጣ፣ ጢሙ ገና ያልሞላ ልጅ ነው። ትተኛለሽ ወይ፣ ትበያለሽ ወይ፣ ምን ያስቅሻል አለኝ። ድሮ አስቂኟ እኔ ነበርኩ አልኩት። ስለ ሕፃኑም፣ አማቴ ልጄን ስለ መውሰዳቸውም ነገርኩት። እሱም ይሄ ስንፍናም እብደትም አይደለም፣ እንደ ወባ ያለ በሽታ ነው፣ መድኃኒት አለው አለ። መድኃኒት ቤት ክኒኑን በወረቀት ጠቅልለው፣ ማንበብ እንደማልችል ሲያዩ ወረቀቱ ላይ ጨረቃ ሣሉልኝ። በየምሽቱ አንድ ማለት ነው።

ቤት ስገባ ጨው ጣሳ ውስጥ ደበቅኩት። ቀኑ ሄደ፣ አልዋጥኩም። የእብድ መድኃኒት ትወስዳለች ከተባለ ነገ ልጄን ማን ያገባታል? ብሶብኝ ቢቀርስ፣ አማቴ ልጄን ይመልሱልኛል? ደግሞ ለማንም ያልተናገርኩት ፍርሃት ነበረኝ። ይሄን ውጬ ብስቅ፣ ያንን ሕፃን ረሳሁት ማለት አይደለም ወይ እላለሁ።

ጎረቤቴ በርበሬ ነጋዴ ናት፤ እንደ በርበሬዋ ናት። ጨው ልትወስድ መጥታ እጇን ጣሳው ውስጥ ከተተችና ክኒኑን ይዛ ወጣች። አብረዋት ከጎናችን ያሉት ባልቴት ነበሩ፤ ክርስቲያን ናቸው፣ እትዬ ነው የምንላቸው። ምንድነው ስባል መዋሸት ሁሉ ደክሞኝ እውነቱን ነገርኳቸው።

«ይገድላል?» አለች ባለ በርበሬዋ።

«አይገድልም ብሏል።»

«ያሳብዳል?»

«እሱን እንጃ።»

«እንግዲያው ለብቻሽ አትውጪውም። ካበድን ሦስት ሆነን ነው። አንድ ሰው ሲያብድ እብድ ይባላል፣ ሦስት ስንሆን ጨዋታ ነው ይሉናል።»

ዛሬ ሳወራው ያስቃል እንጂ ያኔ የምራችንን ነበር። በእኛ ሰፈር ከጎረቤት ተደብቆ የሚበላ ነገር የለም፣ መራራም ቢሆን። ጨረቃዋንማ አይተናታል። ግን ማታ ባሎቻችን ቤት ናቸው። ስለዚህ እሑድ ጠዋት፣ ወደ ቀበሌ ስብሰባ ከመሄዳችን በፊት፣ እኔ ቤት ተሰበሰብን። እኛ ቢስሚላህ አልን፣ እትዬ አማተቡ፣ አንዳንድ ዋጥን። ባለ በርበሬዋ እኔ ወፍራም ነኝ አንድ አይበቃኝም ብላ ሁለት ዋጠች።

ስብሰባው ላይ ሊቀመንበሩ ስለ ምርትና ስለ አድኃሪዎች ይናገራል። መጀመሪያ አፌ ከነልጣጩ እንደሚሰጣው ቡና፣ እንደ ጀንፈል፣ ደረቀ። ቀጥሎ የባለ በርበሬዋ ጭንቅላት ትከሻዬ ላይ ወደቀ። እትዬ ግን ጨዋ ናቸው፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ተኙ። መፈክር ተባለና አዳራሹ ሁሉ ተነስቶ እጁን ሲያወጣ እኛ ሦስታችን ቁጭ እንዳልን ቀረን። ቀስቅሰው ወደ ፊት ወሰዱን። ሊቀመንበሩ አንድ በአንድ አየን።

«አንድ ሰው ቢተኛ ደክሞት ነው» አለ። «ሦስት ሰው አንድ ላይ? ማን ነው ያደራጃችሁ?»

የዚያን ጊዜ ይሄ ጥያቄ ቀልድ አልነበረም። ባለ በርበሬዋ ዓይኗን ሳትገልጥ መለሰች።

«ክኒን ነው ጓድ ሊቀመንበር። ሐኪም ለእሷ ያዘዘላት የጭንቀት ክኒን ነው። ብቻዋን እንዳትውጥ ብለን ነው።»

አለቀ። የፈራሁት ነገር በሰፈሩ ሁሉ ፊት ተዘረገፈ። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። ያን ጊዜ ከኋላ አንዲት አሮጊት፣ «ማሎ፣ እባካችሁ፣ ለእኛስ አልተረፈም? ስብሰባው እንደሆነ ገና ነው» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሊቀመንበሩም ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት። እኔ አልሳቅሁም፣ ግን ከንፈሬ ጫፍ ላይ የሆነ ነገር ነካ አድርጎኝ ሄደ። ወላሂ፣ እብድ ያለኝ አንድ ሰው አልነበረም። ስንወጣ የሰፈሩ ሴቶች፣ አንቺ ለካ ታመሽ ነው፣ እኛ የተቀየምሽን መስሎን ነበር አሉኝ።

ሊቀመንበሩ ግን ሊቀመንበር ነው፤ ከሐኪም ወረቀት አምጡ አለን። በነጋታው ሦስታችንም ሐኪሙ ጋ ሄድን። መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ የምሩን ተቆጣ። ይሄ ቆሎ አይደለም፣ ለአንዱ የታዘዘ ሌላውን ሊጎዳ ይችላል አለ። የባለ በርበሬዋን ልብ አዳመጠ፣ የእትዬንም አዳመጠ፣ ደህና ናችሁ፣ ግን እንዳይለምዳችሁ አላቸው። ለእኔ ደግሞ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። እንደ ራስ ምታት ክኒን ዛሬ ተውጦ ዛሬ አይታይም፣ ሳምንታት ይፈልጋል፣ አፍሽ ይደርቃል፣ ተሻለኝ ብለሽ በራስሽ እንዳታቆሚ አለኝ። እኔም ያንን የደበቅኩትን አወጣሁት።

«ዶክተር፣ ቢሻለኝ ሕፃኑን እረሳዋለሁ?»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አትረሺውም» አለ። «እሱን እያሰብሽ የእህቱን ፀጉር ትሠሪያለሽ።»

ያን ቀን ማታ ዋጥኩ። ሁለቱ ግን አልተዉኝም። ክኒኑን ከተከለከልን ውሃውን እንካፈላለን ብለው በየምሽቱ ከመግሪብ በኋላ ይመጣሉ። እኔ ክኒኔን ስውጥ እነሱም ከዚያው ማሰሮ አንድ አንድ ኩባያ ይጠጣሉ። ባለ በርበሬዋ ምላስሽን አውጪ ብላ ትፈትሸኛለች። የመጀመሪያው ሳምንት ምንም የለም። ሁለተኛውም ከአፍ መድረቅ በቀር ምንም የለም፣ ልተወው አልኩ፣ እነሱ ግን ማሰሮውን ይዘው መጡ። ሦስተኛው አልፎ አንድ ጠዋት ስነቃ ኬሻው ከደረቴ አልወረደም፣ ግን ጎድሏል። በዚያው ሰሞን መጋዘን ውስጥ እየጠረግኩ፣ አንዷ ለቅማ የጨረሰችውን ቡና ሳየው ጥቁሩ ፍጥጥ ብሎ ታየኝ። «ይሄን ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው የለቀምሽው?» አልኳት። ረድፉ ሁሉ እጁን አቆመ። ካቦው መጣ፣ መጥረጊያውን ከእጄ ወሰደ።

ሚዶና ቅቤ ይዤ አሰንዳቦ ወረድኩ። ልጄ መጀመሪያ ከአያቷ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች። ሚዶውን ሳሳያት ቀስ እያለች መጣችና ጉልበቴ መሀል ተቀመጠች። አማቴ አጠገቤ ቁጭ ብለው እጄን ብቻ ያያሉ። እየሠራሁ ዕንባዬ መጣ፣ ያ ስንት ወር እምቢ ያለኝ ዕንባ። ሕፃኑን እያሰብኩ ነበር፣ እጄ ግን አልቆመም።

«ጠማማ ነው» አሉ ስጨርስ።

«እርስዎ ሲሠሩትም ጠማማ ነበር፣ ፈርቼ ዝም ብዬ ነው» አልኳቸው።

ሳቁ። ከዚያ ልጅቷ ልትጫወት ስትወጣ ጠጋ አሉኝ። ስለ ክኒኑ ልጃቸው፣ ባለቤቴ፣ ነግሯቸዋል። «እኔም ሦስት ቀብሬያለሁ» አሉ። «ያኔ የጠየቀኝ ሐኪም የለም። እስኪ አንዷን ስጪኝ።»

ረቢ ያውቃል፣ እኔ በሕይወቴ የተለመንኩትን ከልክዬ አላውቅም። «አይሆንም፣ እናቴ» አልኳቸው። «ይሄን ለብቻዬ ነው የምበላው። ለእርስዎ የሚሆነውን ሐኪሙ ያውቃል፣ እኔ ይዤዎት እሄዳለሁ።»

ልጄን አቅፌ፣ እሳቸውንም ከጎኔ አስቀምጬ በአንድ አውቶቡስ ጅማ ገባን። ሐኪሙ ለእሳቸው ክኒን አላዘዘም፤ ብዙ ጠየቃቸው፣ ረጅም አወሩ፣ ቀልሏቸው ወጡ። የእኔንም ከዓመት በኋላ ቀስ እያለ ቀንሶ አስተወኝ። ያ ልጅ ሐኪም የትም ይሁን፣ አላህ ዕድሜ ይስጠው። እነዚያን ሁለት ውሃ ጠጪዎችም ነፍሳቸውን ይማር። አማቴ ግን እስኪሞቱ ድረስ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያስተዋውቁኝ ነበር፤ «ይቺ ስስታሟ ምራቴ ናት፣ አንድ ክኒን የከለከለችኝ።»