ላልሞተ ሰው የተነፋ ጥሩምባ

እግዜር መልክ ሲያድል እኔ ሰልፉ ላይ ዘግይቼ ነው መሰለኝ የደረስኩት። ድምፅ ግን ተርፎ ስለነበር እሱን ጠቅልሎ ሰጠኝ። እንጀራዬንም የበላሁት በእሱ ነው። የከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበርኩ። ከአዲሱ ገበያ ተነስተን ቁልቁል ስንወርድ «ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ» ካልኩ፣ ተሳፋሪው ብቻ ሳይሆን መንገድ ዳር የቆመውም ይጠጋ ነበር። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት፣ ሸንጎ የሚባለው ሕግ አውጪ ምክር ቤት ከተቋቋመ በኋላ፣ የአካባቢያችን ተወካይ ሕዝቡን ሊያነጋግር ይመጣል ሲባል ጥያቄ አቅራቢ ሆኜ የተመረጥኩት በዚሁ ድምፅ ነው። በዕውቀት እንዳይመስላችሁ። የቀበሌው ማይክሮፎን ተበላሽቶ ነበር።

ጥያቄው የጎረቤቴ ነው። እታለም ነበር የምላቸው፤ በዕድሜ ይበልጡኛል፣ ግቢያችንን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ጥጥ እየፈተሉ ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ያስረክባሉ። ትውልዳቸው ወሎ ነው። በዚያ በትልቁ ድርቅ ጊዜ እናታቸውንና ታላቅ እህታቸውን ያጡት እዚያ ነው። እዚህ ሬዲዮው ስለ በዓል ዝግጅት እያወራ ነበር፤ እህሉ ሲደርስ የሚበላው ሰው አልቋል። የቀራቸው አንድ ታናሽ ወንድም ብቻ ነው። እና በዚያ ዓመት ቅቤ ይዞ አዲሱ ገበያ የመጣ ያገራቸው ሰው ወሬ አመጣላቸው። በልጉ ቀርቷል፣ ወንድምዬው በሬዎቹን ገበያ ላውጣ አላውጣ እያለ ነው።

እኔ ከተሜው ምን ቸገረው አልኩ። ይሽጣቸውና ይብላ።

እታለም እንዝርታቸውን አስቀመጡ። በሬ የሚሸጥ ገበሬ የሚቀጥለውን ዓመት ነው የሚሸጠው አሉኝ። አገሩ በሙሉ ባንድ ገበያ ቀን በሬ ስለሚያወጣ በሬው የበግ ዋጋ እንኳን አያወጣም። እሱ ሲያልቅ ለዘር የተቀመጠው ይበላል። እሱ ሲያልቅ ቤት ተዘግቶ ወደ መንገድ ይወጣል።

«እናቴም የወጣችው እንደዚሁ ነው» አሉ። «በሬው ሲሸጥ ነው የሞተችው። መንገድ ላይ የወደቀችው በኋላ ነው።»

ሸንጎው እንዲሰማላቸው የፈለጉት ነገር አጭር ነው። ሕግ ይውጣ። በየትኛውም ክፍለ ሀገር ዝናብ ሲቀር ወረዳው ሳይፈራ ይናገር፣ እህሉም በሬው ሳይሸጥ ይድረስ። በቃ። ታዲያ ለምን እርስዎ ራስዎ አይናገሩትም ብላቸው፣ «እኔ ከተናገርኩ አለቅሳለሁ» አሉኝ፤ «ለቅሶ ደግሞ አጀንዳ አልተያዘለትም።»

የቀበሌው ሊቀመንበር ንግግሬን አስቀድሞ ልስማው ብሎ ጠራኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ልጆቹና ልጆቼ አብረው ነው ኳስ የሚጫወቱት። ድርቅ የምትለዋ ቃል ላይ ስደርስ እጁን አነሳ። የዝናብ እጥረት በለው አለኝ። ልዩነቱ ምንድን ነው ስለው በሩን ገርበብ አድርጎ ዘጋና አስረዳኝ።

«ድርቅ ካልክ፣ ምን አደረጋችሁ ያሰኛል። የዝናብ እጥረት ካልክ ጥፋቱ የሰማዩ ነው።»

እሁድ ጠዋት አዳራሹ ጢም አለ። ያኔ ስብሰባ ላይ ማጨብጨብ እንደ መተንፈስ ነበር፤ እንዲያውም ተናጋሪው ሲተነፍስ ነው የሚጨበጨበው። እኔም ተነሳሁና፣ አውቶቡስ ውስጥ ያለሁ ይመስል የጣራውን መያዣ በእጄ ፈልጌ ሳጣው ጊዜ ሱሪዬን ያዝኩና ጀመርኩ። ዘንድሮም በወሎ በልጉ ቀርቷል፣ የዝናብ እጥረት ገጥሟል፣ ሰው በሬውን ሊሸጥ ነው አልኩና አየር ለመሳብ አቆምኩ።

አዳራሹ አጨበጨበ። ሞቅ አድርጎ።

እታለም ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበሩ። እሳቸውም አጨበጨቡ። ከዚያ እጃቸውን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አዩትና ነጠላቸው ውስጥ ከተቱት።

ቀሪውን ሳልተነፍስ ጨረስኩት። ደግሞ እንዳያጨበጭቡ ብዬ ነው። መጨረሻው ላይ ፊቴ በርበሬ መስሎ፣ ዓይኔ ፈጦ፣ ከንግግሩ ይልቅ ሰዉ ለጤናዬ ያሰበ ይመስለኛል። ብቻ ድርቅ የምትለዋ ቃልም በዚያ ጥድፊያ ውስጥ አምልጣኝ ወጥታለች። ሊቀመንበሩ ጫማውን ሲያይ አየሁት።

ተወካዩ በትሕትና አመሰገነኝና «ሐሳቡ ተይዟል» አለ።

እኔ ትኬት ቆራጭ ነኝ። መያዝ ምን እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። መልስህን ይዤልሃለሁ የምለው ተሳፋሪው ረስቶት እስኪወርድ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ የዕድራችን ዳኛ አብረውን ነበሩ። ጡረታ የወጡ የእጅ ሥራ አስተማሪ ናቸው፤ ቀብር ላይ ያረፈደ ሰው ካዩ እንደ ተማሪ ጆሮውን ሊይዙት የሚቃጣቸው ዓይነት። እታለም ዳገቱን ልንጨርስ ስንል ለማንም ሳይሆን ተናገሩ።

«መንግሥትም እንደ ዕድር ሆነብኝ። ካልሞቱ አይመጣም።»

ዳኛው ቆሙ። «የኛን ዕድር ነው የምትይው?»

«ሁሉንም ነው ጋሼ። መቼ ቆሞ ለሚሄድ ሰው ደርሶ ያውቃል?»

ሽማግሌው ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ወደ ቤታቸው ታጠፉ። ዳገቱ ነው እንዳልል፣ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ይበረታሉ። ተሰድበው ነው የገቡት።

በዚያው ሳምንት፣ ገና ሲነጋጋ፣ የቤቴ በር ተንኳኳ። ዳኛው ከጥሩምባ ነፊው ጋር ቆመዋል። ሌሊቱን ሲያስቡት አድረዋል መሰለኝ ዓይናቸው ቀልቷል። የዕድሩን ሰው አሁኑኑ ጠርቼ እህል ላሰባስብ ነው፣ የዕድሩ የወር ስብሰባ እስኪደርስ በሬው ይሸጣል አሉ። ጥሩምባውን ነፊው ይነፋል። ልፈፋው ግን አስቸግሯል። ነፊው እስካሁን የለፈፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እከሌ አርፈዋል። ሌላ ቃል አፌ አይለምድልኝም ብሏል። ስለዚህ እንደገና ድምፄ ተፈለገ።

ከፒጃማዬ ላይ ኮቴን ደርቤ ወጣሁ። ጥሩምባው ጮኸ። ያን ድምፅ ጉለሌ ውስጥ በዚያ ሰዓት የሰማ ሰው ማሰብ አያስፈልገውም፤ እጁ ራሱ ነጠላ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ እንደ ሥራዬ ከፍ አድርጌ፣ ጎትቼ፣

«የእታለም ወንድም...» አልኩ፣ አየር ሳብኩ፣ «...አልሞተም!»

ያቺ ትንፋሽ ናት ጉድ የሠራችኝ። አዳራሹ ውስጥ አስጨበጨበችብኝ፣ እዚህ አስለቀሰችብኝ። «አልሞተም» ስል ሰፈሩ ኡኡታውን ጀምሯል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ ወጡ። ወንዶቹ ዱላና ጋቢ ይዘው የድንኳኑን እንጨት ሊያወጡ ወደ ዕድሩ መጋዘን አመሩ። እኔ እየጮህኩ ነው፤ አልሞተም፣ ደህና ነው፣ በሕይወት አለ። አንዲት ጎረቤታችን ክንዴን ይዛ «አይዞህ፣ አትካድ፣ አልቅስ» ትለኛለች።

የቆርቆሮው በር ተከፈተና እታለም ወጡ። ባዶ እግራቸውን ናቸው። አያለቅሱም። እንደዚያ ያለ ፊት ከዚያ በፊት አላየሁም፣ ከዚያ ወዲህም እንዳላይ እለምናለሁ። በቀጥታ ወደ እኔ መጡ፣ ምክንያቱም ወንድማቸውን የጠራሁት እኔ ነኝ።

«መቼ?» አሉኝ።

የዕድሜ ልክ ጩኸቴ አንድ ላይ ጠፋ። ሹክ ብዬ ነው የመለስኩላቸው። «አልሞተም እታለም። ሳይሞት ነው የጠራናቸው። ለእህሉ ነው።»

ዳኛውን አዩ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው «ካልሞቱ አይመጣም አልሽ አይደል?» አሉ። «ይኸው።»

እታለም በራቸው ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና ያኔ ገና አለቀሱ። ሴቶቹም አብረዋቸው አለቀሱ፤ ለቅሶውን ጀምረውት ስለነበር ማቋረጡ አልሆነላቸውም። ማን ያውቃል፣ ያን ጊዜ በወጉ ላልተለቀሰላቸው እናትና እህትም ሳይሆን አይቀርም። ሲያበቁ ዳኛው የተጠሩበትን ነገሯቸው፤ ነጠላቸውን አቃኑና ያላቸውን ሊያመጡ ወደየቤታቸው ገቡ። ስንዴ፣ ማሽላ፣ ባቄላ። ለቀብር የወጣ ሰው እጁን አጣጥፎ አይመለስም፤ እኛም ቀብር ብቻ ነበር የከለከልናቸው።

አንድ ነገር ቀረ። በዚያን ጊዜ እህል ኬላ አያልፍም፤ የቀበሌ ወረቀት ይጠይቃል፣ ወረቀቱ ደግሞ ምክንያት ይጠይቃል። ሊቀመንበሩ ብዕሩን ይዞ ብዙ አሰበ። ዝናብ ስለቀረ ብሎ ቢጽፍ ዝናብ ቀረ ያለው ማን ነው ይባላል። ለረሃብ ብሎ አይጽፍም። ለዘመድ መርጃ ቢል ነጋዴ ናችሁ ተብሎ ይወረሳል። በመጨረሻ ራሱን እየነቀነቀ ጻፈ። ለሟች ወንድማቸው ተዝካር። በሕይወት ላለ ሰው እህል የሚያሳልፍ ምክንያት አገሩ ውስጥ አልተገኘም፤ ማኅተሙን መታበትና «ይቅር በለኝ» አለ፣ ለማን እንደሆነ አላውቅም።

ጆንያዎቹ ባንድ የምናውቀው ሹፌር የጭነት ማኪና ሄዱ። ኬላዎቹ ላይ ተቆጣጣሪዎቹ ወረቀቱን እያነበቡ ነፍስ ይማር እያሉ አሳልፈዋቸዋል።

ሕጉ አልወጣም። ሸንጎውም ብዙ አልቆየም፣ የተያዘው ሐሳብም እንደ ተያዘ ቀረ። ዛሬ አርጅቼ፣ ድምፄም ሰልሎ፣ ሕግ የምታወጡ ሰዎች ይህን ካነበባችሁ የምላችሁ ያችኑ ነው። በአገሩ ሁሉ የሚሠራ ደንብ ይኑር። ዝናብ ሲቀር መናገር የሚያስመሰግን ይሁን። እህሉ በሬው ሳይሸጥ ይድረስ። አንድ ሰፈር በጥሩምባና በውሸት ወረቀት ያደረገውን መንግሥት በግልጽ ማድረግ አያቅተውም። ስታነቡት ደግሞ አታጨብጭቡ፣ አደራ።

ወንድምዬው በዓመቱ እህቱን ሊጠይቅ መጣ። ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። እህሉ ሲደርስ አንዱ በሬ ተሸጦ ነበር። አንዱ ቀርቷል፤ እንደሱው አንድ በሬ ከቀረው ጎረቤቱ ጋር አቀናጅተው አርሰዋል፣ ዘሩም አልተበላም። ይህን ሁሉ የነገሩኝ እታለም ናቸው። «ጩኸትህ ለአንድ በሬ በቃ» አሉኝ።

እሱ የተናገረው ሲሰናበት ነው። የኔን እጅ በሁለት እጁ ያዘና፣ ፊቱ ላይ ፈገግታ ሳይኖር፣

«ተዝካሬን ስበላው ከረምኩ» አለኝ። «ጥሩ ነበር። እናታችንም እንዲህ በልታ ቢሆን።»